ሐኪምዎን ይጠይቁ፦ አስም ላለበት ልጄ ቡችላ ላምጣለት?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የምንኖረው አዲስ አበባ፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። የ7 ዓመት ልጄ "ቡችላ ካላመጣሽልኝ" ብሎ መቆሚያ መቀመጫ አሳጥቶኛል። ደብረ ብርሃን ያለችው አክስቴ ውሻዋ ወልዳለች፤ "ነይና አንዱን ውሰጂ" ትለኛለች። ግን ልጁ አስም አለበት። እኔና ባለቤቴም ከሥራ የምንገባው ማታ ነው። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ አስም ያለበት ልጅ ሁሉ ውሻ አይስማማውም ማለት አይደለም። ይህ የሚታወቀው በሙከራ ነው። አስሙ ረገብ ባለበት ሰሞን ውሻ ያለው ዘመድ ቤት ይውሰዱትና ሁለት ሦስት ሰዓት ይጫወት። ይህን ለጥቂት ሳምንታት ደጋግሙት። ማሳል፣ ማስነጠስ፣ ዓይን ማሳከክ ወይም የሌሊት ሲርሲርታ ካመጣ መልሱን አገኙ ማለት ነው። ፓፉ (በአፍ የሚሳበው የአስም መድኃኒት) ከቦርሳዎ አይለይ። አክስትዎ ቤት ግን አይሞክሩት፤ የደብረ ብርሃን ብርድ ራሱ ስለሚያስለው ጥፋተኛው ውሻው ይሁን ብርዱ አይለይም።

"ፀጉሩ አጭር ነው፣ ችግር የለውም" የሚልዎትን አይስሙ። አለርጂ የሚያስነሳው ከፀጉሩ ይልቅ ምራቁና ከቆዳው የሚረግፈው ብናኝ ነው። ውሻው ከቤት ከወጣ በኋላም ምንጣፍና ሶፋ ላይ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቆያል። ስለዚህ አምጥቶ መመለስ ቀላል አይደለም። ለልጁም ልብ ይከብዳል።

እኔን ይበልጥ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ቡችላውን ጠዋትና ማታ አራት ፎቅ የሚያወርደው ማነው? ልጁ እንዳይሉኝ! በሁለተኛው ሳምንት ሥራው የቤት ሠራተኛዋ ላይ ይወድቃል፤ እሷ ደግሞ ለዚህ አልተቀጠረችም። ውሻ አሥር ዓመትና ከዚያም በላይ ይኖራል።

ቡችሎች ብዙ ጊዜ ትል ይዘው ነው የሚወለዱት፤ ልጅ ደግሞ ውሻ ነክቶ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። የትል መድኃኒቱን የእንስሳት ሐኪም በጊዜው ይስጠው። የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት በ3 ወሩ፣ ከዚያ ደግሞ በዓመቱ ይከተባል። ለበዓል በግ ሲታረድ ጥሬ ጉበትና ሳንባ አይጣልለት። ውሻው ከዚያ የሚይዘው ትል ሰው ጉበትና ሳንባ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ያወጣል።

ድንገት ከነከሰ ወይም ከቧጨረ ቁስሉን በሳሙናና በብዙ ውሃ ለ15 ደቂቃ አጥባችሁ ያኑ ቀን ጤና ተቋም ሂዱ። "የራሳችን ውሻ ነው" ብላችሁ አትዘናጉ። ልጁን ጠበል ብትወስዱትም የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቱ ይቅደም፤ በሽታው ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለውም።

እንደ እኔ ዘንድሮ ይቆይ። ይህኛው ቡችላ ቢያልፍዎት ቅር አይበልዎት፤ የአክስትዎ ውሻ እንደገና መውለዷ አይቀርም። እስከዚያ የልጁ ሳንባ ምን እንደሚል ይታያል፣ እናንተም ማን በስንት ሰዓት ቤት እንደሚገባ ትነጋገሩበታላችሁ።