ዛንዚባር፦ ባሕሩ የሚሸሽበትን ሰዓት ሳታውቁ ሆቴል አትያዙ

እህቴ፣ «ከፋሲካ በኋላ ተጋብተን ለጫጉላ ወደ ታንዛኒያዋ ደሴት ዛንዚባር እንሄዳለን፣ ጃምቢያኒ በሚባለው የባሕር ዳር መንደር ሆቴል ልንይዝ ነው፣ ባሕሩ ፎቶው ላይ እንዳለው ነው ወይ?» ብለሽ ጠይቀሻል። እንኳን ደስ ያላችሁ! እኔና ባለቤቴ ሁለት ጊዜ ሄደናል፣ አንዴ በጥር፣ አንዴ በግንቦት መጀመሪያ። ፎቶው ውሸት አይደለም፤ ውሃው ሞልቶ ሳለ የተነሳ ነው።

ጃምቢያኒ የደረስነው ረፋድ ላይ ነበር። ባለቤቴ ለዋና ተዘጋጅቶ ወጣና ቆሞ ቀረ። ባሕሩ የለም። እርጥብ አሸዋ፣ የባሕር ሣር፣ በጎናቸው የተጋደሙ ጀልባዎች፤ ውሃው አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ እንደ ነጭ ክር ይታያል። ላንጋኖን ለለመደ ሰው ውሃ ከቦታው ተነስቶ ይሄዳል ማለት ጨርሶ አይመጣለትም።

የምሥራቁ ዳርቻ፣ ማለትም ፓጄም ብዌጁም ጃምቢያኒም፣ ወለሉ ሜዳ ስለሆነ ባሕሩ ትንሽ ሲወርድ ብዙ ይርቃል። በቀን ሁለት ጊዜ ይሸሻል፣ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሰዓቱ በየቀኑ 50 ደቂቃ ያህል ወደፊት ይገፋል። ጨረቃ ስትሞላና አዲስ ስትወጣ ደግሞ ከሌላው ጊዜ ይበልጥ ይርቃል፤ ያን ሰሞን የሚሸሸው ከጠዋቱ 4 ሰዓት አካባቢ ነው። ሆቴሎች የየቀኑን ሰዓት ይለጥፋሉ። እሱ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ ባለጀልባው ግን በስዋሂሊ «ሳ ታቱ» ካላችሁ ልክ እንደኛ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ሁለቱን እንዳታምታቱ።

ቀኑን ሙሉ መዋኘት ከፈለጋችሁ ወደ ሰሜን፣ ኬንድዋ ወይም ኑንጉዊ ሂዱ። እዚያ ውሃው ያን ያህል አይርቅም፤ ሰውና ጫጫታ ግን ይበዛል። እኔ ብጠየቅ ሁለት ሌሊት ሰሜን፣ ሁለት ሌሊት ጃምቢያኒ አድራለሁ። ምክንያቱም ባሕሩ ሲሸሽ ሴቶቹ ይወርዳሉ። በችካልና በገመድ «ምዋኒ» የሚሉትን የባሕር ሣር ያለማሉ፤ ደርቆ ወደ ውጭ ይላካል፣ ከሱ የሚወጣው ማወፈሪያ ጥርስ ሳሙናና አይስክሬም ውስጥ ይገባል። ባሕሩ እየሞቀ ሲመጣ ጥሩ ዋጋ የሚያወጣው ዓይነት እየሞተባቸው ነው። እርሻቸው ነውና ገመዱን አትርገጡ፤ ሳትጠይቁም ፎቶ አታንሱ። የጎማ ጫማ ያዙ፤ ባለቤቴ የባሕር ጃርት ረግጦ እሾሁ ተረከዙ ውስጥ ተሰብሮ ቀረ፣ የሰፈሩ ሰዎች የጥሬ ፓፓያ ወተት ቀቡለት፣ ሁለት ቀን አነከሰ።

አለባበስን በተመለከተ፣ ባሕሩ ዳር የዋና ልብስ ችግር የለውም። መንደር ውስጥና ስቶን ታውን በሚሉት አሮጌው ከተማ ግን ሕዝቡ ሙስሊም ነው፣ ትከሻና ጉልበት ይሸፈን። ነጠላ ያዢ፣ በጣም ይጠቅምሻል። ለሚከተሏችሁ ሻጮች በፈገግታ «ሃፓና አሳንቴ» (አይ፣ አመሰግናለሁ) በሏቸው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ወራችሁ ነው። የእኛ ሠርግ ከፋሲካ በኋላ ይበዛል፣ የእነሱ ትልቁ ዝናብ «ማሲካ» ደግሞ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። በግንቦት ስንሄድ ሦስት ቀን ያለማቋረጥ ዘነበብን፣ አንዳንድ ሆቴሎችም ዝግ ነበሩ። ዋጋው እርግጥ ይረክሳል። ከቻላችሁ ጫጉላውን ወደ ሰኔ መጨረሻ ግፉት፤ ያኔ ደረቅና ነፋሻ ነው። ቀኑን ስትቆርጡ እዚሁ ጻፊልኝ፣ ጨረቃዋን አይቼ ባሕሩ በስንት ሰዓት እንደሚሞላላችሁ እነግርሻለሁ።