የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ የሚያጣብቁት ዳይኖሰሮች

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ የምኖር ጎልማሳ ስሆን የዳይኖሰር ቅርጻ ቅርጾችን እሰበስባለሁ። በመስኮት አጠገብ ከደረደርኳቸው መካከል አንዳንዶቹ ቀለማቸው ደብዝዞ ማጣበቅ ጀምረዋል። ምን ላድርግ? ስገዛስ ለእውነታው የሚቀርበውን እንዴት ልለይ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ እንዲህ ያሉ ቅርጾች በአብዛኛው የሚሠሩት ፒቪሲ ከተባለ ፕላስቲክ ሲሆን፣ እንዲለሰልስ የሚጨመርበት ኬሚካል በሙቀትና በጊዜ ብዛት ወደ ላይ እየወጣ ገጹን ያጣብቀዋል፤ የፀሐይ ብርሃንም ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ኮምቦልቻ ከደሴ ይልቅ ሞቃት ስለሆነች መደርደሪያውን ከመስኮቱ ማራቅዎ ግድ ነው። ለብ ባለ ውኃና በጥቂት ፈሳሽ ሳሙና አጥበው በጥላ ያድርቋቸው። አልኮልና አሴቶን (የጥፍር ቀለም ማስለቀቂያ ፈሳሽ) ቀለሙን ሊያነሱ ስለሚችሉ አይጠቀሙባቸው፤ በፌስታል ቋጥረውም አያስቀምጧቸው።

ሲገዙ አስቀድመው ጭራውን ይመልከቱ። ቲራኖሶረስ የተባለውን ግዙፍ ሥጋ በል ዳይኖሰር ቀጥ ብሎ ቆሞ ጭራውን መሬት ለመሬት ሲጎትት የሚያሳይ ቅርጽ የቀድሞውን ግንዛቤ የያዘ ነው፤ ዛሬ ተመራማሪዎች የሚስማሙት ግን አካሉ አግድም እንደነበረና ከመሬት ከፍ ያለው ጭራው የከባዱን ጭንቅላት ሚዛን ይጠብቅ እንደነበረ ነው። ቬሎሲራፕተር የተባለው ትንሽ ሥጋ በል ዳይኖሰርም ላባ ሊኖረው ይገባል፤ በክንዱ አጥንት ላይ የላባ መተከያ ምልክቶች መገኘታቸው እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ ሆኗልና። የቆዩትን ግን እባክዎ አይጣሉ፤ ከአዲሶቹ ጎን ሲቆሙ የሳይንሱን ለውጥ በግልጽ ስለሚያሳዩ እኔ ከሁሉም አብልጬ የምወደው እነሱን ነው። በአገራችን ከአዲስ አበባ በስተ ሰሜን ምዕራብ ባሉት የሙገር አለቶች ውስጥም የጁራሲክ ዘመን (ከ200 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት የነበረው) የሥጋ በል ዳይኖሰር ጥርሶች ስለተገኙ፣ ሥጋ በል ዳይኖሰሮችዎ አጠገብ ይህንኑ የሚገልጽ ጽሑፍ ቢያኖሩ መልካም ነው።