የፕሮቲን ጣሳውን እዚያው ተዉት

የእኅታችሁ ልጅ በከባድ የምግብ እጥረት ጥቁር አንበሳ ወይም ዘውዲቱ ሆስፒታል ተኝቷል የሚል ስልክ ሲደርሳችሁ ከውጭ የምትልኩትን አውቀዋለሁ፦ የስፖርተኛ የፕሮቲን ዱቄት። እኔም ብዙ ዘመን ውጭ ኖሬ የተመለስኩ ሰው ነኝ፤ ይህን ጣሳ አራዳ ውስጥ በየዘመዱ ቁም ሣጥን ላይ ተገትሮ አያለሁ። እባካችሁ አታምጡት።

በጣም የተጎዳ ሕፃን ጉበቱና ኩላሊቱ ደክመዋል። ፕሮቲን ቢበዛበት ትርፍ የሆነውን አሚኖ አሲድ፣ ማለትም ፕሮቲን የሚሠራበትን ቅንጣት፣ ማስወገድ ያቅተዋል። ስለዚህ ሐኪሞች መጀመሪያ የሚሰጡት ኤፍ 75 የተባለው ወተት በ100 ሚሊ ሊትር 0.9 ግራም ፕሮቲን ብቻ ይይዛል። አያቱ «ይህ ውኃ ነው እንጂ ወተት ነው?» ቢሉ አይፈረድባቸውም፤ ቅጥነቱ ግን ታስቦበት ነው። ልጁ የምግብ ፍላጎቱ ሲመለስና እብጠቱ ሲጎድል ወደ ፕላምፒናት (ለምግብ እጥረት ሕክምና ወደሚሰጠው የታሸገ የለውዝ ለጥ) ወይም በ100 ሚሊ ሊትር 2.9 ግራም ፕሮቲን ወዳለው ኤፍ 100 ወተት ይሸጋገራል። ብረት ያለበት ቫይታሚንም በመጀመሪያዎቹ ቀናት አይሰጥም።

የእናንተ እጅ የሚፈለገው ልጁ ቤት ሲገባ ነው። ያጣውን ሥጋ የሚተካበት ጊዜ ስለሆነ ከጤነኛ እኩያው የበለጠ አሚኖ አሲድ ይሻል፤ ዓይነቱም ወሳኝ ነው። እህል ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ያንሰዋል፤ ጤፍ ከስንዴና ከበቆሎ ቢሻልም ብቻውን አይበቃም። ምስርና ሽምብራ ላይሲኑን ይሞላሉ፣ እነርሱ የሚጎድላቸውን ሜታዮኒን የተባለ ሌላ አሚኖ አሲድ ደግሞ እህሉ ያመጣል። እንጀራ በሽሮ መልካም ጥምረት ነው ማለት ነው። ሆኖም የሕፃን ሆድ ጠባብ ናት፤ በጥቂት ጉርሻ ሁሉንም የሚያሟሉት ዕንቁላልና ወተት ናቸው። ፕላምፒናት ከለውዝ ቢሠራም ከፕሮቲኑ ቢያንስ ግማሹ ከወተት እንዲሆን የተደረገው ለዚሁ ነው።

ስለዚህ ገንዘብ ላኩ፤ ለወተትና ለዕንቁላል መሆኑንም ተናገሩ። ካልተናገራችሁ ለቤት ኪራይ ይውላል፤ ከፒያሳ ተነሥቶ ራቅ ወዳለ ሰፈር የሄደ ቤተሰብ ከሆነ ደግሞ ለታክሲ። አልፈርድባቸውም። ቢቻል ለሰፈሩ ባለ ሱቅ በቴሌብር በቀጥታ ክፈሉ።

ሁለት ነገር ደግሞ በስልክ አንሡ። በዐቢይ ጾም የቤቱ ድስት ሁሉ የጾም ይሆናልና፣ ሕፃን የጾም ግዴታ እንደሌለበት ለእማማ በአክብሮት አስታውሱ፤ ለእርሱ የምትለይ አንዲት ድስት ትበቃለች። ሌላው ፕላምፒናቱ ነው፤ 92 ግራሟ ፓኬት 500 ካሎሪ የያዘች መድኃኒት ናት፣ ልጆች ግን እንደ ከረሜላ ይካፈሏታል። ወንድምና እኅቶቹን ከመቆጣት ለእነርሱም የሚበሉት ይገዛላቸው።

ጤና ጣቢያ የሚመዘነውን ክብደት በየሳምንቱ በፎቶ ይላኩላችሁ። ክብደቱ ካልጨመረ፣ ምግብ እንቢ ካለ ወይም ሁለቱ እግሮቹ ካበጡ ያንኑ ዕለት ወደ ሐኪም እንዲወስዱት የታክሲውን ክፈሉ።