«ለሁሉም» ብላችሁ ስትጽፉ ማን ይደውልላችሁ?

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ የሳይበር ደህንነት ድርጅት ከከፈቱ ወጣቶች ናቸው። ሥራውን ያውቁታል፤ ለገዢ ማስረዳቱ ነው ያስቸገራቸው።

ካዛንቺስ ቢሮ የተከራዩ ሦስት ጓደኛሞች፦ ዌብሳይታችን ላይ «ለባንክ፣ ለሆስፒታል፣ ለመንግሥት መሥሪያ ቤትና ለንግድ ድርጅቶች የተሟላ የሳይበር ደህንነት መፍትሔ» ብለናል። ወራት አለፉ፣ የሚደውል የለም። ማስታወቂያ እንጨምር?

አትጨምሩ። ይህን ያነበበ ሰው «እኔን ነው» አይልም። ባንክ ደግሞ ለሦስት ሰው ድርጅት በቀላሉ በር አይከፍትም። የሥራ ልምድ ይጠይቃል፣ እንደ አይኤስኦ 27001 ያለ የመረጃ ደህንነት ሰርተፊኬት ሊጠይቅ ይችላል፣ ግዢውም ሲንከባለል ይከርማል። እናንተ ግን ኪራይ አለባችሁ።

አንድ ዓይነት ደንበኛ ምረጡ። ለምሳሌ ሰንጋ ተራ ቢሮ ያለው አስመጪ። የሂሳብ ሠራተኛዋ ከምሳ በኋላ ኢሜይል ትከፍታለች። ከውጭ አቅራቢያቸው የመጣ ይመስላል፤ ሎጎውም ፊርማውም ያው ነው፣ ባለፈው የተጻጻፉትም ከሥሩ አለ። «የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ቀሪውን ክፍያ በዚህኛው ላኩ» ይላል። የላኪው አድራሻ ላይ ግን አንዲት ፊደል ተቀይራለች። በስንት መከራ የተገኘ ዶላር በዚያው ይሄዳል፤ ማስመለሱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ዓለም ላይ ብዙ ኩባንያ ያከሰረ ማጭበርበር ነው፣ ቫይረስ እንኳ አያስፈልገውም።

ለዚህ አስመጪ «ለአቅራቢዎ የሚልኩት ገንዘብ ሌባ እጅ እንዳይገባ እናደርጋለን» በሉት። ቀጥሎ የምትሠሩትን ንገሩት፦ ኢሜይሉ በፓስወርድ ብቻ እንዳይከፈት ሁለተኛ ማረጋገጫ ታስገባላችሁ፣ ሂሳብ ቁጥር ተቀየረ ሲባል ቀድሞ በሚታወቀው ስልክ ደውሎ የማጣራት አሠራር ትዘረጋላችሁ፣ ሠራተኞቹን ታሠለጥናላችሁ። ዜሮ ትረስት (ማንንም ሳያጣሩ ያለማስገባት አሠራር) ምናምን የሚለውን የአይቲ ባለሙያው ሲጠይቃችሁ ታወሩታላችሁ። ሌላው ደንበኛ ያመልጠናል ብላችሁ አትፍሩ። አስመጪ ከአስመጪ ይተዋወቃል፣ አንዱ ከረካ ለጓደኛው ይነግራል።

ሎጓችን ላይ ጋሻ ይሁን ወይስ ቁልፍ?

ደስ ያላችሁን። ደንበኛ በዚህ አይመጣም፣ አይሄድም።

«መቶ በመቶ ከሀከር ነፃ» ብንልስ?

በፍጹም። ማንም ሊፈጽመው የማይችል ቃል ነው፤ ሥራውን የሚያውቅ ገዢ እዚያው ላይ ይተዋችኋል። ችግር ሲፈጠር በስንት ሰዓት ውስጥ እንደምትደርሱ ጻፉ፣ ያንንም አክብሩ።

አንዲት የማርኬቲንግ ባለሙያ፦ መጋቢት 2016 ንግድ ባንክ ላይ የደረሰውን በማስታወቂያችን ብናነሳ ሰው ይደነግጣል፣ ይገዛናል ትላለች።

እህቴ፣ ያኔ ሰዎች ሂሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ወጪ ማድረግ የቻሉት በሲስተም ችግር ነው። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አይደለም ብሏል። የምትሸጡት እምነት ሆኖ ሳለ በውሸት እንዴት ትጀምራላችሁ? ደግሞም የደነገጠ ሰው ስልኩን ይዘጋል እንጂ ውል አይፈርምም። እውነተኛ ምክንያት ከፈለጋችሁ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለላችሁ። የታካሚ መዝገብ ኮምፒዩተር ላይ የሚያስቀምጥ ክሊኒክ የሰው መረጃ በአደራ ይዟል፣ ሕጉም ግዴታ ጥሎበታል። ይህን ረጋ ብላችሁ አስረዱት።

ስታርታፕ የግብር እፎይታ ያገኛል?

የሂሳብ ባለሙያ ጠይቁ።

አንድ ወጣት፦ የአንድ ድርጅት ዌብሳይት ውስጥ ሳላስፈቅድ ገብቼ ክፍተት አገኘሁ። ማስረጃውን ልኬላቸው «እኛ እንዘጋላችኋለን» ብል ጥሩ መግቢያ አይሆንም?

ወንድሜ፣ እባክህ ተው። ያለ ፈቃድ ሰው ሲስተም ውስጥ መግባት በኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያስጠይቃል፤ ለበጎ ነው ብለህ ብታስብም። በዚያ ላይ «ክፍተታችሁን ይዣለሁ፣ ክፈሉኝና ልዝጋው» የሚል መልእክት ለሚቀበለው ሰው ማስፈራሪያ ነው። የደህንነት ፍተሻ የሚሸጠው መጀመሪያ የጽሑፍ ፈቃድ ተይዞ፣ የትኛው ሲስተም መቼ እንደሚፈተሽ ውል ላይ ሰፍሮ ነው። አሁን የያዝከውን ለማንም አታሳይ፣ ተመልሰህም አትግባ። ነገ ጠዋት ጠበቃ ዘንድ ሂድ፤ ይህን ለወጉ ያህል አይደለም የምልህ። ጠበቃው ሳያየው ያን ኢሜይል እንዳትልከው።