የሕግ ምክር፦ የቆየውን ዜማ በስሜ ላስመዝግብ?

ጥያቄ፦ የምኖረው በአሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ነው። «ሃውስ ኦፍ ዘ ራይዚንግ ሰን» የሚባለውን የቆየ ዘፈን ከሦስት ጓደኞቼ ጋር በማሲንቆና በጊታር አቀናብረን፣ ግጥሙንም ወደ አማርኛ መልሰን ስቱዲዮ ገብተን ቀረጽን። ዜማው የሕዝብ ስለሆነ ባለቤት የለውም ይባላል። በስሜ አስመዝግቤ በኢንተርኔት ልሸጠው እችላለሁ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ የጠየቁኝን በአጭሩ ልመልስና ወዳልጠየቁኝ ልሂድ።

ዜማው የሕዝብ ነው ማለትዎ በመሠረቱ ትክክል ነው። አሜሪካውያኑ ሙዚቀኞች ክላረንስ አሽሊና ግዌን ፎስተር እ.ኤ.አ. በ1933 ሲያስቀርጹት እንኳ አሮጌ ዘፈን ነበር። በ1937 የሕዝብ ዘፈኖች ሰብሳቢው አላን ሎማክስ በኬንታኪ ግዛት ጆርጂያ ተርነር ከተባለች የ16 ዓመት ልጅ አፍ ቀርጾታል። ጥንታዊውን ዜማ በራስዎ መንገድ መጫወት ይችላሉ። ዘ አኒማልስ የተባለው የእንግሊዝ የሮክ ቡድን በ1964 ያስቀረጸው ቅጂ ግን በአሜሪካ ሕግ እስከ 2067 የተጠበቀ ስለሆነ ከእሱ ላይ አንዲት ሰከንድ ድምፅ ቆርጣችሁ አስገብታችሁ እንደሆነ አውጡት። የጊታሩንና የኦርጋኑን አካሄድም እንዳለ ገልብጣችሁ ከሆነ፣ ዜማው ነፃ ቢሆንም ቅንብሩ ባለመብት ሊኖረው ይችላልና ሥራው ከመውጣቱ በፊት የቅጂ መብት ጠበቃ ያዳምጠው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲሠራ «አቀናብረን»፣ «መልሰን»፣ «ቀረጽን» ይላሉ፤ ምዝገባና ሽያጭ ላይ ሲደርሱ «በስሜ»፣ «ልሸጠው» ሆነ። ሦስቱ ጓደኞችዎ የት ገቡ? ክፋት አስበው ነው አልልም። ነገር ግን ደንበኞቼ ደጋግመው የሚወድቁበት ጉድጓድ ይኸው ነው፤ «ዜማው ባለቤት የለውም» ሲባል ሥራው በሙሉ መጀመሪያ ላስመዘገበው የሚሆን ይመስላቸዋል።

ይህ በራሱ በዚህ ዘፈን ላይ ደርሷል። የ1964ቱን ቅጂ የሠሩት አምስት ሰዎች ናቸው። ብዙዎቻችን ዘፈኑን የምንለየው በሒልተን ቫለንታይን የጊታር መግቢያ፣ በኤሪክ በርደን ድምፅና በአላን ፕራይስ ኦርጋን ነው። ሸክላው ላይ ግን በአቀናባሪነት የሰፈረው የፕራይስ ስም ብቻ ነበር። ዘፈኑ በብሪታንያም በአሜሪካም አንደኛ ወጣ፤ የአቀናባሪነቱ ሮያሊቲ (ለባለመብቱ የሚከፈለው ገንዘብ) ስሙ ወደተጻፈው ሰው ሄደ፤ ቅሬታውም ለአሥርት ዓመታት ዘለቀ። ለዚህ ሁሉ ምክንያት የሆነው በትንሽ ወረቀት ላይ የተጻፈ አንድ ስም ነው።

በእናንተም ሥራ ላይ ቢያንስ ሦስት መብቶች አሉ፦ ቅንብሩ፣ የአማርኛው ግጥምና ቅጂው (የተቀረጸው ድምፅ)። አብራችሁ ከሠራችሁና ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ሕጉ በመርሕ ደረጃ እኩል የጋራ ባለቤቶች አድርጎ ያያችኋል። ከሽያጩ ያገኙትን ማካፈል ይኖርብዎታል፤ ለአንድ ድርጅት ብቻ መብቱን አሳልፈው ለመስጠት ደግሞ የሁሉም ፈቃድ ያስፈልጋል። ግጥሙን የመለሰው አንዱ ብቻውን ከሆነ ግጥሙ የእሱ ነው። «እሺ፣ አንተ ያዘው» ብሎዎት እንኳ ቢሆን ባለቤትነት በቃል አይተላለፍም፤ የተፈረመ ጽሑፍ ያስፈልጋል። በምዝገባ ማመልከቻ ላይ በወሳኝ ጉዳይ ላይ አውቆ ሐሰት መሙላትም እስከ 2,500 ዶላር ያስቀጣል።

ስለዚህ የስቱዲዮውን ደረሰኝ፣ የመጀመሪያዎቹን የድምፅ ፋይሎች ከነቀናቸው፣ ስለ ሥራው የተጻጻፋችሁትን መልእክትም ሳይሰርዙ ያሰባስቡ። አራታችሁም ተቀምጣችሁ ማን ምን እንደሠራና ድርሻው ስንት እንደሆነ በአንድ ገጽ ጻፉ፤ ከዚያ ወደ ጠበቃ ይዛችሁት ሂዱ። እኔ የማውቀው ደብዳቤዎ የነገረኝን ያህል ብቻ ስለሆነ ይህ መልስ ያንን ምክር አይተካም። ግን መጀመሪያ ዛሬውኑ ለጓደኞችዎ ይደውሉ፤ እነሱን ሳያነጋግሩም የምዝገባ ቅጹን እንዳይልኩ።