ጸበል ስጠመቅ ኪኒኔን ላቋርጥ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ በአሜሪካ የምኖር ምእመንት ነኝ። ሰውነት ራሱን የሚያጠቃበት የመገጣጠሚያ ሕመም ከቆየብኝ በኋላ የሳንባ ካንሰር ተገኝቶብኝ በኬሞቴራፒና በኢሚዩኖቴራፒ እየታከምኩ ነው። የመጀመሪያው ቀን ፓክሊታክሰል የተባለው መድኃኒት በደም ሥሬ መግባት እንደ ጀመረ ደረቴ ተጨነቀ፣ ፊቴም ቀላ፤ ከሳምንታት በኋላ ደግሞ ቆዳዬ ሽፍ አለ፣ መገጣጠሚያዬም ክፉኛ አገረሸብኝ። ሐኪሜ ፕሬድኒሶን የተባለ፣ የሰውነትን ቁጣ የሚያበርድ የስቴሮይድ ኪኒን አዘዘልኝ። አንዲት እኅት ግን «ጸበልና መድኃኒት ስለ ቀላቀልሽ ጸበሉ ተቆጥቶሽ ነው፤ ሱባዔ ግቢና ኪኒኑን ተይው» አለችኝ። ምን ላድርግ? ዐቢይ ጾምንስ እንዴት ልጹም?

መልስ፦ እኅታችን፣ እግዚአብሔር ይማርዎ። ከሁሉ አስቀድሞ ኪኒኑን በራስዎ ፈቃድ አያቋርጡ። ፕሬድኒሶን ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት የራሱን ተመሳሳይ ንጥረ ነገር ማምረቱን ስለሚቀንስ፣ በድንገት የተወ ሰው የደም ግፊቱ ወርዶ ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል፤ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው።

የደረሰብዎት ሁሉ ሐኪሞች አስቀድመው የሚያውቁት ነው። ፓክሊታክሰል በውኃ ስለማይሟሟ ከጉሎ ዘይት በተሠራ ማሟሚያ ይዘጋጃል፤ በመጀመሪያው ወይም በሁለተኛው ዙር፣ ገና በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ለሚነሣው የአለርጂ ቁጣ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ይህ ማሟሚያ ሲሆን፣ አስቀድሞ ስቴሮይድና የአለርጂ መድኃኒት የሚሰጠውም ስለዚህ ነው። ኢሚዩኖቴራፒው ደግሞ ነጭ የደም ሕዋሳትን የያዘውን ልጓም ፈትቶ በካንሰሩ ላይ ይለቅቃቸዋል፤ ጄምስ አሊሰንና ታሱኩ ሆንጆ በ2018 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተቀበሉት በዚህ ግኝት ነው። ልጓሙ ከተፈታ ግን ጤነኛው ቆዳ፣ አንጀት፣ ጉበት፣ ሳንባና ታይሮይድም ሊጠቁ ይችላሉ፤ እንደ እርስዎ የቆየ ሕመም ያለበት ሰው ላይም ሕመሙ ሊያገረሽ ይችላል። ሁሉም የካንሰር መድኃኒት እንዲህ አይደለም፤ ሜቶትሬክሴትና ሪቱክሲማብ ካንሰርንም የመገጣጠሚያ ሕመምንም ለማከም ያገለግላሉ።

እንግዲህ ጸበሉ ከመድኃኒቱ ጋር አልተጣላም። ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው ደቀ መዛሙርቱ «ማን በደለ?» ብለው ሲጠይቁ ጌታችን እርሱም ወላጆቹም እንዳልበደሉ የመለሰው (ዮሐንስ 9፥3) ኪኒኑን ተይው ላለችዎት እኅትም መልስ ይሆናል። መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ሐኪምን የፈጠረ፣ መድኃኒትንም ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር መሆኑን ይነግረናል። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስም በሕይወት ሳሉ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ አስተምረዋል። «ኪኒን ያመነ ጸበል አላመነም» የሚለው አነጋገር በየጸበሉ ቢሰማም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት አይደለም።

ነገር ግን መጠንቀቅ ያለብዎት አንድ ጉዳይ አለ። ብዙዎች ጸበል ጠጥተው ሲያስመልሳቸው ወይም ሲያስቀምጣቸው «በሽታው እየወጣ ነው» ይላሉ። በኢሚዩኖቴራፒ ላይ ላለ ሰው ተቅማጥ የአንጀት መቆጣት ምልክት ሊሆን ይችላል፤ ቸል ከተባለም አንጀትን እስከ መብሳት ይደርሳል፤ ትውከቱም የዋጡትን ኪኒን ይዞ ይወጣል። ስለዚህ ተቅማጥ፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም ትኩሳት ሲሰማዎት ከጸበሉ ቦታም ቢሆኑ በዚያው ሰዓት ለሐኪምዎ ይደውሉ። በጸበል መጠመቅንና ጥቂት መቅመስን በተመለከተ፣ ኬሞቴራፒው ነጭ የደም ሕዋስዎን ባወረደባቸው ቀናት ከተጨናነቀ ቦታና ንጽሕናው ካልታወቀ ውኃ እንዲርቁ ሊነገርዎት ስለሚችል፣ ያንን ምክር ያለ ኀፍረት ይፈጽሙ። በእነዚያ ቀናት ቤትዎ ካህን ጠርተው ጸሎት ማስደረግ፣ በያዕቆብ መልእክት 5፥14 እንደ ተጻፈውም ቅብዐ ዘይት መቀባት ይችላሉ።

ስለ ጾሙ ሥርዓቱ ግልጽ ነው፤ የሐዋርያት ቀኖና በሥጋ ድካም የተያዘውን ሰው ከግዴታው ለይቶታል። ፕሬድኒሶን ከምግብ ጋር እንዲወሰድ ስለሚመከር ጠዋት ይብሉ፤ ምን ያህልና ምን እንደሚበሉ ከንስሐ አባትዎ ጋር ይወስኑ። እኔ ብሆን የምመክርዎ፣ ሐኪሙ ፕሮቲን ያስፈልግሻል ካለዎት ከባቄላና ከምስር እንዲጀምሩ፣ ካልበቃ ደግሞ የንስሐ አባትዎ የሚፈቅዱልዎትን ሳይጨነቁ እንዲመገቡ ነው።

ቅዱስ ቁርባን ለመቀበል ሲፈልጉ የዕለቱ ኪኒን ከቅዳሴ በኋላ ሊወሰድ ይችል እንደሆነ ሐኪምዎን አስቀድመው ይጠይቁ። አይቻልም ከተባሉ ለንስሐ አባትዎ ይንገሩ እንጂ ኪኒኑን ደብቀው አይዝለሉ።