ሂሊየሙ ሲያልቅ ቴሌስኮፑ ለምን ታወረ?

ጥያቄ፦ የቴሌቪዥን ሪሞት ስጫን ከጫፉ የሚወጣው ኢንፍራሬድ ለዓይኔ ባይታይም በስልኬ ካሜራ ላይ ይታየኛል። ተራ ካሜራ ይህን ካየ፣ ኸርሽል የተባለው የአውሮፓ የጠፈር ቴሌስኮፕ ምኑም ሳይሰበር ማቀዝቀዣው ሂሊየም ስላለቀበት ብቻ ሥራ ያቆመው ለምንድን ነው? (አንባቢያችሁ ከደሴ)

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ሁለቱም ኢንፍራሬድ ይባሉ እንጂ እጅግ የተራራቁ ናቸው። የሪሞቱ ብርሃን የሞገድ ርዝመት አንድ ማይክሮሜትር (የሚሊሜትር ሺህኛ) እንኳ አይሞላም፤ ኸርሽል ግን ከ55 እስከ 672 ማይክሮሜትር ያለውን ሩቅ ኢንፍራሬድ ይመለከት ነበር። ሞገዱ በረዘመ ቁጥር እያንዳንዱ ፎቶን (የብርሃን ቅንጣት) የሚሸከመው ኃይል ስለሚያንስ፣ የ100 ማይክሮሜትር ፎቶን በስልክ ካሜራ ውስጥ ካለው ሲሊከን ኤሌክትሮን ለማስለቀቅ ከሚያስፈልገው ኃይል መቶኛውን ገደማ ብቻ ይዞ ይደርሳል። በዚህ ምክንያት በትንሽ ኃይል ምልክት የሚሰጥ፣ ጥቂት ጋሊየም የተባለ ብረት የተቀላቀለበት የጀርማኒየም ክሪስታል ይመረጣል። እርሱም ከ120 ማይክሮሜትር ገደማ በላይ ስለማያይ፣ ክሪስታሉ በኃይል ተጨምቆ እስከ 200 ማይክሮሜትር አካባቢ እንዲያይ ይደረጋል፤ ድንጋይን ጨምቆ እይታውን ማርዘም ለእኔ ከመሣሪያው ሁሉ የሚያስገርመኝ ብልሃት ነው።

ከዚያ ለሚረዝመው ሞገድ ቦሎሜትር ያገለግላል። ቦሎሜትር ፎቶን አይቆጥርም፤ ብርሃኑን ውጦ በጥቂቱ ሲሞቅ የኤሌክትሪክ ተቃውሞው ስለሚለወጥ ያ ለውጥ ይለካል። ከኸርሽል መሣሪያዎች በአንዱ ላይ ብርሃን ተቀባዩ የሸረሪት ድር የመሰለ ስስ መረብ ነበር፤ ቁሱ ባነሰ መጠን በጥቂት ሙቀት ይሞቃል፣ ከጠፈር የሚወረወሩ ቅንጣቶችም በቀዳዳዎቹ ያልፋሉ። ይህ መረብ ከፍጹም ዜሮ (ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ ከዚያ የባሰ ቅዝቃዜ የለም) በላይ 0.3 ኬልቪን ብቻ (አንድ ኬልቪን የአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ነው) እስኪደርስ መቀዝቀዝ ነበረበት።

የሂሊየሙ ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ሙቀት ያለው ነገር ሁሉ ያበራል። 20 ኬልቪን ገደማ የሆነው የጠፈር አቧራ የሚያበራው በአብዛኛው በ145 ማይክሮሜትር አካባቢ ሲሆን፣ የመሣሪያው ሳጥን ቢሞቅ በዚያው ሞገድ ከአቧራው እጅግ አብልጦ ያበራል፤ ሌሊት ፋኖስ ዓይን ሥር ይዞ በማዶው ተራራ ላይ ያለ ፍም እንደመፈለግ ነው። ጀርማኒየሙም ሲሞቅ ብርሃን ሳይነካው ኤሌክትሮን ይለቃል። 3.5 ሜትር ስፋት ያለው ዋናው መስታወት እንኳ በጥላ ብቻ ወደ 85 ኬልቪን ቢወርድም ራሱ ስለሚያበራ፣ ተመራማሪዎቹ የእርሱን ጨረር ከልኬታቸው መቀነስ ነበረባቸው።

ኸርሽል እ.ኤ.አ. በሜይ 2009 ሲወነጨፍ 2300 ሊትር ያህል ፈሳሽ ሂሊየም ይዞ ነበር። ሂሊየሙ ቀስ በቀስ እየተነነ መሣሪያዎቹን ያቀዘቅዛል፤ ቴሌስኮፑ ከምድር 1.5 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ርቆ ስለነበር መልሶ መሙላት አይታሰብም። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 29 ቀን 2013 የሁሉም መሣሪያዎች ሙቀት በአንድነት መጨመር ሲጀምር ባለሙያዎቹ ሂሊየሙ ማለቁን አወቁ።